መብራት ያሳዩኝ ሰሞን

ሐሙስ

ዛሬም አያነሳም። አራት ጊዜ ደወልኩ። አምስተኛው ላይ ሚስቱ አነሳችና «ተኝቷል፣ እህቴ» አለችኝ። ጌታቸው በቀን የሚተኛ ሰው ነው እንዴ? ሆስፒታል አልጋ ላይ ቢሆንም። ማክሰኞ እኮ «ለገና አገር ቤት ከመጣሽ ኤርፖርት ድረስ በእግሬ መጥቼ ነው የምቀበልሽ» ሲለኝ ነበር። ኩላሊቱ ነው እንጂ አፉ አልታመመም፣ ወንድሜ።

እዚህ ለንደን፣ ካምደን የማጸዳው ቢሮ ሄጄ ሱፐርቫይዘሯን ፈቃድ ጠየቅኳት። «በዲሴምበር ማንም አይወጣም» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። ዘጠኝ ዓመት ሽንት ቤታችሁን ሳጥብ ዲሴምበር አልነበረም ወይ አልኳት። እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም፣ ጥሉን ግን አሳምሬ አውቅበታለሁ። ሰኞ መልስ እሰጥሻለሁ አለች። ከፈቀደች ማክሰኞ እሄዳለሁ። በዓይኔ ካላየሁት አላምንም።

ዓርብ

ሊያ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ልጄ ባተርሲ ቤት ከተከራየች ወዲህ ከእሁድ በቀር እኔ ያለሁበትን ኬኒንግተንን ረግጣ አታውቅም። ቲኬት ገዝታለች። ቦታኒካል ጋርደን የሚሉት ትልቅ የዛፍ ግቢ አለ፣ ለፈረንጅ ገና ዛፉን ሁሉ በመብራት ያስጌጡትና ሰው በመሃሉ ይሄዳል። ለነገ። በጾም? ወንድሜ ታሞ? አልሄድም አልኳት። «ማሚ ፕሊስ» አለች።

ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ማለት፣ በጾም ጥፍርሽን ተቀባሽ ብለው ሊያን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያስለቀሱ ሴትዮ ናቸው። «ሂጂ አንቺ፣ ከልጅሽ ጋር ተናፈሺ» አሉኝ። ምን ነካቸው? እርጅና ነው።

ቅዳሜ

አሁን ቤት ገባን። እግሬ አልሞቀም።

በሩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ «በግራ፣ በግራ» እያለ እንደ ከብት ነዳን። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ መመለስ አይቻልም። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ላይ ቀይና ሐምራዊ መብራት ጠምጥመውበታል። እኔ ያዘንኩት ለዛፉ ነው፣ በክረምት እንኳ አያርፍ? ከየቁጥቋጦው ሥር ስፒከር ይዘፍናል። ሆት ቾኮሌቱ ወተት አለው፣ አልጠጣሁም። ጭቃው ጫማዬን በላው።

አንድ ነገር ግን አልዋሽም። የመብራት ዋሻ አለ። ከላይ እስከ ታች ነጭ። እዛ ስገባ ጭቃውን ረሳሁት። ለጌታቸው ቪዲዮ ልላክለት ብዬ ስልኬን ሳወጣ ሊያ «እኔ ላንሳሽ» ብላ ወሰደችብኝ። ሳቅኩላት፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ። ከዛ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ስጪኝ ብላት ባትሪው ጨርሷል አለች።

«ስንወጣ ሰማንያ ነበር!»

«በብርድ ቶሎ ያልቃል፣ ማሚ።»

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረገችና «ማሚ፣ አንድ ነገር…» አለች። እኔ ስለ ሱፐርቫይዘሯ እያወራሁ ነበር። ቆይ ልጨርስ አልኳት። ስጨርስ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ። ዛሬ እኔ ጋ ታድራለች።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች። ጥቁር ነጠላ።

ቃል ሳይተነፍሱ አወቅኩ። እንዴት አላውቅ? በዚህ ሰዓት የስንቱን በር ራሴ አንኳኩቻለሁ። ማን ከፊት ትቁም፣ ማን ስትወድቅ ትያዛት፣ ማን ውሃ ታቅርብ፣ የማከፋፍለው እኔ ነኝ።

«ጌታቸው ነው?»

«አይዞሽ ልጄ» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ነው የሞተው። ሚስቱ ተኝቷል ስትለኝ ገንዘውታል። ዓርብ ቀበሩት። ቅዳሜ እኔ ጥርሴን አሳየሁ።

ሰኞ

ቤቱ ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱን ታውቅ ነበር? ታውቂ ነበር? ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ያውቃል። ለንደን ሙሉ ያውቃል።

ሊያን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት። ወንድሜ አፈር ውስጥ ገብቶ አንቺ መብራት ታሳይኛለሽ? አልኳት።

«እትዬ ናቸው እስከ እሁድ ከቤትም ከስልክም አርቂያት ያሉኝ! ያንቺ ካልቸር ነው ማሚ፣ የኔ አይደለም! ሐይቁ ጋ ልነግርሽ ነበር። መቼ አስወራሽኝ?»

እንግዳ የጠጣበትን ስኒ ማጠብ ጀመርኩ። እኔ!

ሱፐርቫይዘሯ ቴክስት አደረገች። ፈቃዱ ተፈቅዷል። አሁን ሄጄ ማንን ልይ?

ማክሰኞ

እትዬ ጥሩወርቅን በሰው ፊት ነገርኳቸው። እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ከእንግዲህ ለማንም መርዶ አልሄድም፣ ሰው የሞተበት በሰዓቱ ይወቅ አልኳቸው።

«ብቻሽን ሆነሽ ሰምተሽ ብትወድቂስ?»

«ልውደቃ!»

ሊያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከእሁድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከምሳ በኋላ ሙሉ ደወለች። ታናሽ እህታችን፣ ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው። ዘመድ የላት፣ ከግቢው አትወጣ፣ ማድቤት ተደብቃ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«እታለም፣ ጌቾ ስልክ አያነሳም። ደህና ነው?»

ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል። አንዲት ሴትዮ ስሟን እየጠራች ትጮሃለች። ሊያ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ደህና ነው» አልኩ። «ኔትወርክ ነው።»

ሊያ ተነስታ ወጣች።

ይኸው እስካሁን የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ፣ ቤሩት የምታውቁት ሐበሻ ሴት አለች ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። እቤቱ ድረስ ሄዳ፣ መርዶውን ነግራ ሙሉን የምትይዛት አንዲት ሴት ብቻ። እትዬ ጥሩወርቅም ስልክ ይዘው እየደወሉ ነው። እስካሁን አልተገኘችም።