የአባባ ተውበት

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ከተማችን ሐይቅም እንደተውሻት ናት፣ ባጃጁ ብቻ በዝቷል። ይህን ወረቀት እዚያው አንቺ ያለሽበት አገር ለሥራ የምትመጣው ራዚያ ታደርስልሻለች። በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ስላስማለኝ ነበር፤ አሁን መሐላውን ፈታልኝ።

አምና አባትሽ የሐሙስ ዱዓ ላይ ጫት መቃም ተወ። ሁለት ቅጠል ሲያኝክ መንጋጋው ይዝላል፣ የዐይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ዝም ይላል። ሼህ አብዱልሰመድ "ከጫት ተጸጽቶ ተውበት ገባ፤ ዐይኑንም ከዱንያ መለሰ" ብለው ፈረዱ። ጎረቤታችን አያ ሙሉጌታ ሳይቀሩ "የኛ መነኩሴም እንዲህ አልቻለም" እያሉ ጉልበቱን ሳሙ። በረካ ፈላጊው በዛ። እሱም ክብሩ ጣመው መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ደህና እንደሚሆን ትንፍሽ አላለም!

እኔ ግን ሾርባው በአፍንጫው ሲመለስ አየሁ። ወንድምሽን ሀምዳንን ነዝንዤ ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። ዶክተሯ ጣራውን ትክ ብሎ እንዲያይ አዘዘችው፤ ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ። "ልጄ፣ ይህን ያህል ጣራ ብታዪ አንቺም ትተኛለሽ" አላት።

ጡንቻ የሚያዝል ሕመም ነው፤ ማያስቴኒያ ይሉታል። ከደረት አጥንቱ ጀርባ ባለች ዕጢ ላይም እባጭ ተገኘ። ዶክተሯ "በሰባ ዓመቱ ለሕመሙ ብቻ ብለን ደረት አንከፍትም ነበር፤ እባጩ ግን ይውጣ። የምንፈራው ትንፋሹን ነው" አለች።

አባባ "ተውበቴን በቢላ ልታስወጡት ነው?" ብሎ እምቢ አለ። ሀምዳን ለመነው፣ ሼሁ በስልክ መከሩት፣ ወይ ፍንክች!

እማ፣ ማታ ስትደውዪ ስልኩን ለኔ የሚወረውረው ተቀይሞሽ አልነበረም። ሲመሽ ድምፁ ይጠፋል፤ እንዳትሰሚው ነበር። እምቢ ሲል ግን እኔም "እሺ ቅር፤ እናቴም ሳይመርቀኝ የሄድኩት ከልቡ አልወጣለትም ብላ ትሙት" አልኩት። አፌን ሊመታኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። "የት ነው የምፈርመው?" አለ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ቀን በመሣሪያ ተነፈሰ። የእነዚያን ሁለት ቀናት ነገር ተይኝ። በሦስተኛው ቱቦው ሲወጣ መጀመሪያ የጠየቀው የሐሙስ ድርሻውን ማን እንደሚቅምለት ነው።

ኪኒኑን አሁንም ይውጣል፤ ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው ተብሏል። ጫት ዶክተሯ ከልክላዋለች። አሁን የእውነት ተውበት ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይራገማል።

ወደ ቀዶ ጥገናው ሲያስገቡት "ካልወጣሁ ለእናትሽ ንገሪያት" ብሎ በጆሮዬ ያለኝን አልጽፍልሽም። ወጥቷል፤ ራሱ ይንገርሽ። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደውዪ። ስልኩን አቅፎ ነው የሚያድረው።

አላህ የአሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ፣ በዐይነ ሥጋ ያገናኘን።

ምላሷ ያልታጠፈው ልጅሽ