የዓሣ ነጋዴው ስለት

ሰኔ 3፣ 2013
ጠዋት ዓሣ ገዛሁ፣ ከሰዓት ጠበስኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሳክ ዋልኩ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ሆዴ ላይ ቀይ እብጠት ይነሳል፣ ወደ ክንዴ ይዞራል፣ ሲመሽ የለም። ዛሬ አንድ የደሴ ሹፌር አየኝና ያዘዘውን ትቶ ወጣ። የሚያክ ሰው የጠበሰውን ማን ይበላል? እኔም አልበላም።

ሰኔ 6
ሐይቅ ከተማ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። "ዓሣው ነው።" "የለም፣ ዓይን ነው።" ሚስቴ ዋሲላ እንቁላልም ወተትም በርበሬም ከለከለችኝ። የቀረኝ ቂጣ ነው። ቂጣዬን እየበላሁ አካለሁ።

ሰኔ 8
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ስደርስ ቆዳዬ ላይ ምንም የለም። "የታል?" አለችኝ ዶክተር ፈሂማ። ደግነቱ ዋሲላ በስልክ አንስታኝ ነበር... ፎቶውን አሳየኋት።
"ጋሼ፣ ይኼ አለርጂ መሳይ ነገር ሥር ሰዷል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ዓሣው ቢሆን በበሉ በሰዓቱ ይነሳ ነበር።"
ሴትሪዚን የሚባል ኪኒን ጻፈችልኝ። በቀን አንድ፣ ቢያሳክክም ባያሳክክም። ባያሳክክም? ለምን ብዬ? እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሰኔ 10
ሐሙስ። ሸህ እንድሪስ ቤት ዱዓ ነበር። "እስቲ ተሳል" አሉኝ። አፌ ቀደመኝ... "ይኼ ሕመም ከለቀቀኝ፣ ሁለተኛ ዓሣ በእጄ አልነካም!" ቤቱ ሙሉ ሰው አሚን አለ። ምን ነካኝ?

ሰኔ 19
አልሐምዱሊላህ፣ አንድም እብጠት የለም። ግን ማን አዳነኝ? ኪኒኑ ከሆነ ስለቱ ገና ነው። ስለቱ ከሆነ ሥራ ፈታሁ። አራት ልጅ አለኝ፣ ከዓሣ ሌላ የማውቀው ሙያ የለም። ፈርቻለሁ።

ሰኔ 20
ኪኒኑን አቆምኩ። ልየው።

ሰኔ 22
ወጣ! ክንዴ፣ ጀርባዬ፣ አንገቴ... በሕይወቴ እንዲህ ደስ እያለኝ አክኬ አላውቅም። ሕመሙ አልለቀቀኝም፣ ኪኒኑ ነው አፍኖ የያዘው። ስለቱ አልደረሰም ማለት ነው። ፈሂማ ግን ተቆጣች። "ሲሻልዎት አያቁሙ አላልኩም?" ብላኛለች። ዛሬውኑ ጀመርኩ።

ጥቅምት 22፣ 2014
ጦርነቱ ደረሰ። ከተማውን ለቀን ገጠር፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የዋሲላ እህት ቤት ገባን። ሰው ወርቁን ይዞ ይሸሻል፣ እኔ አሥር ፍሬ ኪኒን።

ኅዳር 9
ኪኒኑ ካለቀ ሳምንት ሆነው። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አያለሁ። ወጣ? አልወጣም? ከሰዓት መርዶ መጣ፤ የጎረቤታችን ባለሱቅ አሕመዲን በጥይት ሞቷል። በራሴ አፈርኩ። አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 12
ሐይቅ ተመለስን። ቤታችን ውስጥ ድስት እንኳ አልተረፈም። ፈሂማ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ይዛ ታክማለች።
"አርባ ቀን ያለ ኪኒን? አንድም አልወጣም?"
"አንድም።"
"አንዳንዴ እንደመጣው ራሱ ይሄዳል። ምነው ከፋዎት?"
ምን ልበላት? ለቀቀኝ። ስለቱ ደረሰ። ያውም አሁን፣ ባዶ ቤት ይዤ።

ታኅሣሥ 13
ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና ለዋሲላ ነገርኳት። ሸሁ ያንሱልኝ ይሆን?
"ለአላህ የተሳልከውን ሸሁ ምን አግብቷቸው ያነሳሉ?" አለች። ቀጥላ፣ "የተሳልከው አንተ ነህ። እኔ አልተሳልኩ" አለችኝ። ከእህቷ መጥበሻ ልትዋስ ተነሳች።

ጥር 20
የምትጠብሰው ዋሲላ ናት። እኔ ሎሚ እቆርጣለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ወንበር እጠርጋለሁ። ገበያው ከድሮው ደርቷል። "ዱሮም እሷ ብትጠብስ" ይላሉ፣ ፊቴ ላይ። ዛሬ ከውጫሌ የመጣ አንድ እንግዳ በአገጩ ወደኔ ጠቁሞ፣ "እዚህ የሚያክ ዓሣ ጠባሽ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይኼ ሰውዬ ማነው?" አላት።
"ሠራተኛዬ ነው" አለች ዋሲላ፣ ቀና ሳትል። "አታስብ፣ ዓሣውን አይነካም።"
ሰውየው ደስ ብሎት ሁለት አዘዘ።