ሁለት ቀን ጨምሪ ያልኩሽ ጊዜ

እማዬ፣ የኔ እናት፣ አሰላሙ ዐለይኪ።

ከተለየሽን ነገ ስድስት ወር ይሞላል። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከይቅርታ ሌላ ቃል አይወጣኝም፤ እሱንም ቢሆን በምን አፌ ብዬ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሙአዝ ተኝቶልኛል። ከአምስት ቀን በኋላ አፍንጫው ተከፍቶለት፣ አፉን ገጥሞ ነው የተኛው። ትንፋሹን እየሰማሁ ልጻፍልሽ።

የልጅ ልጅሽን ጉንፋን ይዞት ነበር። የመጀመሪያው ነው። ያመጣሁበትም እኔው ነኝ። ሥራ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ታክሲውን ታውቂው የለ፣ መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ጠላት ነው የሚታየው፣ ሁሉም ተዘጋግቶ ሲሳሳል ይውላል። ሐሙስ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ አርብ አስነጠሰኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሙአዝ አፍንጫ ድፍን አለ።

ምኑን ልንገርሽ! ጡት ይይዛል፣ ሁለቴ ይስባል፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ይለቅና ያለቅሳል። ርቦታል፣ ግን መጥባት አልቻለም። ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ፣ ትኩሳቱን ለክታ፣ ተራ ጉንፋን ነው አለችኝ። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ አፍንጫው ላይ የጨው ውሃ ጠብ አድርጊለት፣ ለመተንፈስ ከታገለ ወይም ጭራሽ አልጠባም ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪው አለች። መድኃኒት እንኳን አላዘዘችም። ባሌ ከድር ከፋርማሲ የአፍንጫ መምጠጫ ጎማ ገዝቶ መጣ፤ የልጅ ልጅሽ ደግሞ ጎማዋን ገና ሲያያት ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠው ጀመር።

የወንድሜ ልጅ አፍንጫዋ ሲደፈን በአፍሽ ስበሽ እንትፍ ስትዪ፣ እኔ ኡኡ ብዬ ከክፍሉ የወጣሁት ትዝ ይልሻል? ሳቅሽብኝ። ውለጂና እናይሻለን አልሽኝ። ይኸው ወለድኩ። እሁድ ከሰዓት ጎማዋን ወረወርኳትና አፌን አፍንጫው ላይ ገጠምኩ። ምንም አላስጠላኝም እማዬ። ከድር በሩ ላይ ቆሞ አፉን ይዞ ያየኛል። ከዚያ ሙአዝ ጡቴን ያዘ፣ ሳይለቅ ጠባ፣ ጠባ፣ እኔም አናቱ ላይ እንባዬን አንጠባጠብኩበት። ከዚያ በኋላ ትራሱን ትተን ግድግዳ ተደግፌ ደረቴ ላይ ቀና አድርጌ ነው ያስተኛሁት፤ እንደሱ ሲሆን ይቀለዋል። ሰኞ ትኩሳቱ ወረደ። ማክሰኞ ሳቀ። ዛሬ ይኸው ተኛ።

ይህችው ናት እማዬ። ለዚህች ለጉንፋን ብዬ ነው አንቺን ውጭ ያቆምኩሽ።

ሙአዝ አርባ ቀኑን በጨረሰ ሳምንት፣ አንቺ ለቅሶ ስትደርሺ ዝናብ መታሽና ጉንፋን ያዘሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ተጥጄ፣ የትልቅ ሰው ጉንፋን ለጨቅላ አይበጅም የሚል አንብቤያለሁ። እስኪለቅሽ ድረስ አትግቢ አልኩሽ። ስልክሽ ነው እንዴ አዝሎ ያሳደገሽ ብለሽ ቀለድሽብኝ እንጂ አልተቀየምሽም። ያነበብኩት ውሸት አልነበረም። የአሁኗን ሐኪምም ጠየቅኳት፤ በዚያ ዕድሜው መጠንቀቅሽ ልክ ነው አለችኝ። ልክ መሆኔ ምን ይሠራልኛል?

አንቺ መች ቤትሽ ተቀመጥሽ! በየቀኑ ከቤቴል ታክሲ ይዘሽ ጦር ኃይሎች ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ መንገድ በእግርሽ፣ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝሽን ታቅፈሽ ትመጫለሽ። ፔርሙዙን ደረጃው ላይ አስቀምጠሽ በሩን ታንኳኪና፣ እኔ ሳልከፍት እስከ ግቢው በር ትሸሻለሽ። እኔ ሙአዝን በመስኮት ከፍ አድርጌ አሳይሻለሁ። ሻርፕሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ በሌላው እጅሽ ታጫውቺዋለሽ። እሱ ያን ያህል ርቀት የት ሊያይ፤ ለራስሽ ነበር እንጂ። ሳል ሲመጣብሽ ደግሞ ፊትሽን ወደ መንገዱ ታዞሪ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ደወልሽልኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል፣ ነገ ገብቼ ልቀፈው አልሽኝ። ለማንኛውም ሁለት ቀን ጨምሪ አልኩሽ። እሺ እናቴ፣ ሁለት ቀን ምን አላት አልሽኝ።

ሁለት ቀን ምን አላት! በሁለተኛው ቀን ማለዳ ደም ግፊትሽ ጣለሽ። ሐኪም ቤት ሳትደርሺ አለቀ። ከአሱር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ይዘውሽ ወጡ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ። ከመውጣትሽ በፊት ከከፈኑ ፊትሽን ገልጠው ሲያሳዩኝ ጉንጭሽን ሳምኩሽ። ያኔ ማንም ተይ፣ አትጠጊያት አላለኝም።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። አባዬ ፔርሙዝሽን ከእኔ ጠይቆ ወሰደ። ሻይ እንኳን አፍልቶ የማያውቀው ሰውዬሽ አጥሚት መሥራት ጀምሯል ብልሽ ታምኛለሽ? ጎረቤትሽ ወይዘሮ ሙንተሃ አሳይተውት ነው። ድልህ እስኪመስል ያወፍረዋል፣ ደግሞ ይጓጉልበታል፣ ስኳሩንም አያውቅበትም። በየሳምንቱ ያመጣልኛል። ጓጉሎብሃል አልለውም፣ እያኘክሁ እጠጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ማንም የለም። ደረጃው ላይ ፔርሙዝሽ ብቻውን ተቀምጧል። እማዬ፣ ጎንበስ ብዬ ታቀፍኩት። ቀና ስል አባዬ ግቢው በር ላይ ቆሟል፣ ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ። እዚያው ሆኖ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ትናንት ለቆኛል፣ ግን ሕግሽን አውቃለሁ፣ ሁለት ቀን ጨምሬ እገባለሁ አለኝ። ሊወጋኝ ብሎ አይደለም፤ ታውቂው የለ፣ ተንኮል አያውቅም። ሕጌን እያከበረ ነበር።

በካልሲዬ ሮጬ እጁን ያዝኩት። ልጁንም ይዞታል አባዬ፣ እኔንም ይዞኛል፣ ግባ፣ በአላህ ግባ አልኩት። ሲገባ ሙአዝን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ልጅሽ አያቱን ትክ ብሎ አየና ፊቱ ላይ እጥሽ! አለበት። አባዬ ሳቀ። ካንቺ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከሳቁ ጋር እንባው መጣ፤ እኔም ፔርሙዙን አጥባለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አንቺ ይቅር እንዳልሽኝ አውቃለሁ፤ እዚያው ግቢው በር ላይ ቆመሽ እያለሽ ነው ይቅር ያልሽኝ። ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ። ግን ቃል እገባልሻለሁ። ሙአዝ ነፍስ ሲያውቅ፣ አያቱ ልታየው በየቀኑ ትመጣ እንደነበር እነግረዋለሁ። ውጭ ያቆማት ማን እንደሆነም አልደብቀውም። መራመድ ሲጀምር ደግሞ እጁን ይዤ ከደጃፋችን አንቺ ትቆሚበት እስከነበረው ድረስ አስሄደዋለሁ። ዛሬ አባዬን ከሸኘሁ በኋላ በእግሬ ለካሁት።

አሥራ አራት እርምጃ ነው እማዬ።

ልጅሽ ሐያት