ዝናቡን ለቆረጡልን ክቡር ኃላፊ

ለጃፓን የቪዲዮ ጨዋታዎች የምዕራቡ ዓለም ሥርጭት ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን ከነሙሉ ጤናዎ፣ ወንበርዎን ከነምቾቱ፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎንም እንደ ልማዱ ከሌላው ዓለም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ እንድታገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። ሞሪን ኦልድሮይድ እባላለሁ፤ በእንግሊዝ አገር በሃል ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። እኔ አሥር ደቂቃ ስዘገይ ተሳፋሪው እናት አባቴን ስለሚያነሳ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘግይተው ጭብጨባ የሚጠብቁትን እርስዎን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር መሰለኝ።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። ታናሽ ወንድሜ ክላይቭ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዓሣ ቤቶችንና የመጠጥ ቤቶችን ታፔላ በእጁ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። «የጨው ደወል» ስለተባለው ጨዋታ በአንድ መጽሔት የወጡትን ሁለት ገጽ ሥዕሎች ያየ ዕለት፣ ሾርባ እያማሰልኩ ሳለሁ መጽሔቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ይቺን ሰማይ እያት እስቲ! ግራጫው ውስጥ አረንጓዴ ሰርቆ አስገብቶባታል። ይሄ ሰውዬ ብሩሽ ይዞ ነው የሠራት፤ እጁን በሳምኩት!»

«አንተ ሽማግሌ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው» ስለው፣ «ታድለው ልጆቹ!» አለኝ። ከገጹ ግርጌ «በኤፕሪል ወደ ምዕራቡ ዓለም ይመጣል» የሚል የእርስዎ ቃል ነበረ። ክላይቭም አመነዎ።

ሁለተኛ፤ ኤፕሪልን ወደ ኦክቶበር፣ ኦክቶበርንም ወደ «በቅርቡ» ስላሸጋገሩልን አመሰግናለሁ። በዚሁ መሐል የዐይን ሐኪሙ ለክላይቭ የዐይኑ መሐል እየሞተ መሆኑን፣ ዳር ዳሩ ብቻ እንደሚተርፍና ቢበዛ አንድ ዓመት እንደቀረው ነገረው። ወንድሜ ይህን ለእኔ ከማውጋቱ በፊት ወደ እርስዎ ቢሮ ስልክ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ጌታዬ፣ ለምዕራቡ ተመልካች እያዘጋጀነው ነው» አለችው።

«የኔ እመቤት፣ የምዕራቡ ተመልካች ማለት እኔ ነኝ። ተዘጋጅቻለሁ፤ ላኩልኝ» አላት።

ልጅቱ ሳቀች አሉ። ከመሥሪያ ቤትዎ የሰማነው የሰው ድምፅ ያ ሳቅ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ እንዳያባርሯት።

ሦስተኛ፤ ክላይቭ የጃፓኑን ዲስክ በፖስታ አስመጥቶ ቤታችን ባለው የጨዋታ ማሽን ውስጥ ሲያስገባው፣ ማሽኑ እንደ ክፉ የድንበር ዘበኛ «የዚህ አገር አይደለህም» ብሎ ስለተፋው፣ ለዚህም ጥበብዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እርስዎ ያን በር ባይዘጉት ከወይዘሮ ሂሳኤ ቶኩዳ ጋር ባልተዋወቅን ነበር። የመርከብ መካኒክ ባሏ ከሞተ በኋላም ሃልን ያልለቀቀች ልብስ ሰፊ ናት፤ ዘወትር ማክሰኞ አውቶቡሴ ላይ ትሳፈራለች። የቋንቋውን ነገር ባማክራት ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ጃፓናዊት ስለሆንኩ ጨዋታ ሁሉ የማውቅ መሰለሽ? አንቺስ እንግሊዛዊት ስለሆንሽ ከንግሥቲቱ ጋር ትጠራሪያለሽ?»

ያም ሆኖ የእህቷን ልጅ ለምና የጃፓኑን ዲስክ የሚቀበል ማሽን ከኦሳካ አስላከች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች፣ ክላይቭ አፍንጫው የቴሌቪዥኑን መስታወት እስኪነካ ተጠግቶ ሲጫወት፣ እሷ ጽሑፉን ታነብለት ጀመር። አንድ ቅዳሜ፣ የጨዋታው ባለታሪክ፣ ደወል ጠባቂው ሽማግሌ፣ ልጁን ቀብሮ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ቦታ ደረሱ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ለአራት ደቂቃ የሚነገር ቃል፣ የሚመታ ጠላት የለም። ተጫዋቹ የሚችለው አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው። እኔ የተበላሸ መስሎኝ ልነሣ ስል ክላይቭ «ተቀመጪ፤ እያየሁ ነው» አለኝ። ሂሳኤ መነጽሯን አውልቃ፣ «ልቅሶ ቤት ገብቶ ቶሎ የሚነሣ እንግዳ የለም» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጆች ጨዋታ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ታሪኩ ሊያልቅ ሢሶ ሲቀረው የክላይቭ ዐይን መሐሉ ጠፋ። ሐኪሙ እንደ እርስዎ አይደለም፤ በተናገረው ቀን ተገኘ።

አራተኛ፤ በመጨረሻ ጨዋታውን ይዘው መጡልን። ወንድሜ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ክንዴን ይዞ፣ ሱቁ ሳይከፈት ከሰልፉ ፊት ቆመ። «አሁን በእንግሊዝኛ ስለሚያወራ እኔ እሰማለሁ፤ መጫወቻ ጆይስቲኩን አንቺ ትጫኛለሽ» ብሎ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ነበር። በረንዳው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ለአሥራ አንድ ሰከንድ አካፍቶ አቆመ፤ ከዚያ በጃፓኑ ዲስክ ጨርሶ ያልነበረ አንድ ቀበሮ ዘሎ ገባና «ተነሥ እንጂ ሽሜ! ሆዴ ከደወልህ በላይ እየጮኸ ነው!» አለ።

«ሞሪን፣ አለፍሽው እንዴ?»

«እኔ አላለፍኩትም። ቆርጠውታል።»

«ለእኔ ብለው ነው አይደል?» አለኝ።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ለእሱ ብለው ነው። ከዲስኩ ጋር ባስገቡት ወረቀት ላይ፣ የምዕራቡ ተመልካች ዝምታ እንደማይችል በጥናት መረጋገጡን ጽፈዋል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዝም ሲሉን የቻልንዎትን ሰዎች የት አግኝተው እንዳጠኑን ባውቅ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎም «ሰማዩስ?» አለኝ። ሰማዩን በጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ እንዳለው ዓይነት ሰማያዊ አድርገውታል። «እንደነበረው ነው» አልኩት። ወንድሜን ስዋሸው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚህም ያበቁኝ እርስዎ ነዎት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «ስትዋሺ ጆይስቲኩን ቀጭ ቀጭ ታደርጊዋለሽ» አለኝ።

በማግስቱ ሂሳኤን ጠራኋት። የእርስዎን ዲስክ አውጥተን ወደ ጃፓኑ ማሽንና ዲስክ ተመለስን። እሷ እያነበበች፣ እኔ እየተጫንኩ፣ ክላይቭ «ከተራራው ጥግ ያለው ቀለም ምን ይመስላል? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» እያለ፣ በስድስት ቅዳሜ ጨረስነው። መጨረሻውን አልነግርዎትም፤ እርስዎ ያዩት አይመስለኝም።

እግዜር ከዚህ ሁሉ ድካም አሳርፎ ሥራዎን ለሌላ ሰው እንዲሰጥልዎ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ትዝብት እሰናበትዎታለሁ።

ሞሪን ኦልድሮይድ
ሃል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሁለተኛው ክፍል በሚመጣው ኤፕሪል እንደሚደርስ ማስታወቅዎን በሬዲዮ ሰማን። ክላይቭ ስሙን ከሁሉም በፊት እንዲመዘግቡለት አደራ ብሎኛል። «እነዚህን ሰዎች ዳግመኛ ታምናለህ?» ስለው፣ «ዐይኔ ቢቀድማቸውም ገና ጆሮዬ አለ፤ ጆሮዬን እንኳ ይቅደሙት» ብሏል።