አንድ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት እባቦቻችን

ውድ ዓለምሸት፣

"ውድ" ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ዓመት ሙሉ ተናድጄብሻለሁ፤ ንዴቴም ገና ትኩስ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኤግሊንተን ዌስት ላይ፣ መንገዱ ለቁፋሮ ከታጠረበት ፊት ለፊት ባለው የእንስሳት ሱቅ አየሁሽ። በረዶ የሆነ አይጥ ገዝተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ስትከቺ። እኔን ስታዪ የውሻ ምግብ መደርደሪያ ጀርባ ገባሽ። እንግዲህ እባብሽ እርድ በሕይወት አለች ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን እባብ በሥዕል እንኳ ማየት እንደማትወጂ ትናገሪያለሽ አሉ።

ፍሌሚንግደን ፓርክ አብረን ስንኖር መጀመሪያ እባብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የማስታምማቸው ሽማግሌ ሆስፒታል ሲገቡ እባባቸውን በርበሬን አደራ አሉኝ። መርዝ የለው፣ ተንኮል የለው፣ ቀይ መልኩ የሚያምር፣ ኮርን ስኔክ የሚሉት የቤት እባብ። ክንድሽ ላይ ሲጠመጠም ወደድሽውና አንቺም የራስሽን ቢጫ ገዛሽ፤ እርድ አልናት። ስም ስናወጣላት ሆዳችንን ይዘን ነበር የሳቅነው። እህቴ ነበርሽ እኮ!

ከዚያ በየቤቱ እየዞረ የሚጸልየው የቤት ኅብረት ተራ እኛ ጋ ደረሰ። "እሌኒዬ፣ ፕሊስ፣ አንቺ ክፍል ትቆይልኝ። ሰው ኮቱን የሚከምረው እኔ አልጋ ላይ ነው፤ ካዩዋት አለቀልኝ" አልሽ። ሳጥኗን እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ከበርበሬ ጎን አስቀመጥን። ሰው ከሄደ በኋላም እዚያው ቀረች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የበርበሬ ጠባይ ተለወጠ። ምግብ እምቢ አለ። መስታወቱን ታክኮ ሲዞር ይውላል፤ ክዳኑን ሲገፋ ሲገፋ አፍንጫው ተላጠ። ሊሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። አንቺ ደግሞ "መንፈስ ይሆን እንዴ?" አልሽ፤ የቀልድሽን መስሎኝ ነበር።

ኅብረቱ እንደገና እኛ ቤት ሲመጣ፣ ጸሎቱ ሲጋጋል ክዳኑ ተንኳኳ። የኅብረቱ መሪ እትዬ ጠጂቱ የክፍሌን በር ከፈቱና ጮኹ።

"በኢየሱስ ስም! ይሄ የማን ነው?"

"ሁለቱም የእሌኒ ናቸው፣ እትዬ። እኔማ ስጸልይላት ነው የከረምኩት።"

ዓይኔን እያየሽ! እሳቸውም እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ገሠጹ። ጸሎት ሲሰማ የሚረበሽ እባብ ያላት ልጅ መድረክ ላይ አትቆምም ተባለና ከመዘምራን ወጣሁ። ያሳደገኝ መዝሙር ነው፤ እዚህ አገር ያቆመኝም እሱ ነው። አሁን የእኔን ሶሎ አንቺ ትዘምሪዋለሽ፤ ያውም ከዜማው እየወጣሽ።

አንቺ እርድን ይዘሽ በድብቅ ሬክስዴል ሌላ ቤት ገባሽ። ብዙም ሳይቆይ በርበሬ መዞሩን ተወ፤ በላ፤ ተኛ። ጸሎት ግን አላቋረጥኩም፤ እዚያው ክፍል፣ ጮክ ብዬ ነበር የምጸልየው። ግራ ቢገባኝ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አጠገቡ ሴት ነበረች?" ብላ ነው። ወንዱ በዚህ ወቅት የሴቷ ጠረን ሲደርሰው መብላት ትቶ እሷን ፍለጋ ይዞራል አለችኝ። በእኔ ላይ የተገሠጸው ጋኔን ያንቺ እርድ ነበረች።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል? አሁን ግን ሐሙስ ተራው አንቺ ጋ ነው፤ በረዶውም እየቀለጠ ነው። ለእትዬ ጠጂቱ ደውዬ "በርበሬን ላምጣውና ይጸለይበት?" አልኳቸው።

"አምጪው፣ ልጄ! ዛሬውኑ ይለይለት ብትዪኝም ደስ ባለኝ" አሉኝ።

እመጣለሁ። ሳጥኑን ሳሎንሽ መሃል ሳስቀምጠው ልጆች መፍራታቸው አይቀርም። ያኔ በሁሉም ፊት፣ ጸሎቱ እስኪጀመር መኝታ ቤትሽ ይቆይልኝ ብዬ እጠይቅሻለሁ። እምቢ ካልሽ፣ ለምን እንደሆነ እትዬ ጠጂቱ ይጠይቁሻል፤ እሳቸው ደግሞ በር መክፈት እንደሚወዱ ታውቂያለሽ። እሺ ካልሽም በርበሬ ሥራውን ያውቃል። እርድን ሰው ቤት ላሽሻት ካልሽ አሽሺያት፤ ጠረኗን የት እንደምታደርጊው አያለሁ።

ደውለሽ እንዳታለቅሺብኝ፤ ስልኬን አላነሳም። ስሜን ያጠፋሽው በሰው ፊት ነው፤ የምትመልሺልኝም በሰው ፊት ነው።

እስከ ሐሙስ ጌታ ይጠብቅሽ። ከዚያ ወዲያ ግን ከእኔ ጋር ነሽ።

እሌኒ