የአባባ ጆሮ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ አባባ ተቆጡ። ተመስገን! ከአርባ ምንጭ ወባ ይዘው ከተመለሱ ወዲህ እኛን ልጆቻቸውን እንኳ መለየት አቅቷቸው ነበር።

ጠዋት ነርሷ መርፌውን ሰጥታቸው ስትወጣ፣ «ይሄ ደግሞ ምን መድኃኒት ነው? ጆሮዬ እንኳ አልጮኸም። ኩዊኒን ይስጡኝ በያቸው!» አሉኝ። ወጣት ሳሉ ወባ ሲይዛቸው ኩዊኒን ነበር የሚውጡት፤ ጆሮ ካላስጮኸ መድኃኒት አይመስላቸውም። ዶክተሯ መጥታ፣ እንዲህ ላለ ከባድ ወባ አርቴሱኔት የሚባለው ይሄ መርፌ ከኩዊኒን የበለጠ ሰው እንደሚያተርፍ አስረዳቻቸው። አላመኗትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሰዓት የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ወባው ከደማቸው ጠፍቷል! ኮሪደር ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መድኃኒቱ ዘግይቶ የደም ማነስ ሊያመጣ ስለሚችል ግን ለጥቂት ሳምንታት ደማቸው መታየት አለበት። እሱ ያሳስበኛል። አባባ ደግሞ እንደወጡ ታክሲያቸው ውስጥ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ከእህቴ ከሰናይት ጋር በሩ ላይ ቆመን፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ሎውሪ ሰፈር ባለው በእሷ ቤት እንድንደብቀው በሹክሹክታ ተማከርን።

«ቁልፌን የነካ ወዮለት!» አሉ ከአልጋቸው።

ኩዊኒን ወስደው ቢሆን ኖሮ ይሄን ከየት ይሰሙት ነበር!