የእህትህ አጥሚት

ጌቴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ፀዳ ከተማ ባለው ቤታችን በር የሚያልፈው መንገድ አሁን ድንጋይ ተነጥፎበታል። ከቀዶ ሕክምናው ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ አንገትህን በሁለት እጅህ ደግፈህ ጉድጓዱን ሁሉ እየረገምክ እንደመጣህ ትዝ ይለኛል። ልጃችን ዛሬም ወንበርህን ማንንም አታስነካም።

የምጽፍልህ ግን ቅናቴን ልነግርህ ነው። በእህትህ በየሻረግ እቀና ነበር፤ አሁንም አልተወኝም።

ሐኪሞቹ በጉሮሮህ በኩል ገብተው የአንገትህን አጥንት ከጠገኑ በኋላ ምግብ አልወርድ አለህ። እብጠቱ እስኪጎድል ታገሡ አሉን። እኔ እንዳይከብድህ ብዬ አጥሚቱን እንደ ውኃ አቅጥኜ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ትን ይልህና እንባህ እስኪመጣ ትስላለህ። ከኮላ ድባ ልታስታምምህ የመጣችው እህትህ ግን በእኔው ድስት፣ በእኔው አጃ የሠራችውን በማንኪያ ስታጎርስህ ሰተት ብሎ ይወርዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እጅሽ ይጣፍጣል ስትለኝ ኖረህ የእህትህ እጅ በለጠብህ ብዬ አንጀቴ አረረ። አንድ ቀንማ አጃውን ደብቄ አልቋል ብዬ ዋሸኋት።

ልብህ ድንገት ቆሞ ከሄድክ በኋላ፣ ለሙት ዓመትህ መጥታ አብረን እህል ስንለቅም ሁሉንም አወጣችው። ለካ አጥሚቷን የምትሠራው አወፍራ ነው። ቀጭን ነገር እንዳንተ ያለውን ሕመምተኛ ቶሎ ትን እንደሚለው ነርሷ የነገረቻችሁ፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ፒያሳ የወጣሁ ቀን ነው። እንዳትነግሪያት፣ ልፋቴ ከንቱ ቀረ ብላ ታዝናለች ብለህ ያስማልካትም አንተ ነህ።

እሷም በእኔ ስትቀና ከርማ ኖሯል። የእሷን ገና ሳታጋምስ በቃኝ ትላት ነበር፤ የእኔን ግን እየታነቅክም ቢሆን ትጨርሰዋለህ።

ምነው ጌቴ፣ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አወፍረው ነበር እኮ። ከእኔ ደብቀህ ከእሷ ጋር ምስጢር መያዝህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቢሆንም እኔ በሕይወት እስካለሁ የማልረሳው አንድ ቀን አለ፤ የእኔን አጥሚት ጠጥተህ፣ ስለህ ስለህ ሳሉ ሲበርድልህ ባዶውን ኩባያ ወደ እኔ ዘርግተህ፣ ጨምሪልኝ ያልከኝ ቀን።

ባለቤትህ